ለአንድ እጅ የተሠራው ጊታር

ለምወድሽ እህቴ ለሚጡ፤

እንዴት ከርመሻል? ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም ቤቱን ሁሉ ከእንቅልፉ እያስነሣ ነው? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ደረጃ አትውጪ ብያት ነበር፤ እንደማትሰማኝ እያወቅኩም ብያታለሁ። አባዬስ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል ወይስ ሥራ ከያዘ ሆዱን እንደረሳ ይውላል? መንትዮቹ ይደባደባሉ? መደባደብ ካቆሙ አንደኛው ታሟል ማለት ነውና ቶሎ አሳውቂኝ። አክስታችንም ጤንነቷንም ምላሷንም እንደያዘች ተስፋ አለኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ናፍቆታችሁን ካልቆጠርነው የጎደለብኝ ነገር የለም። ክፍሌ ጠባብ ብትሆንም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባላታለች፤ ሥራውም እንደ ልቤ ነው።

ይህን ወረቀት ያነሣሁት ስለ ጊታሩ ልነግርሽ ነው። በስልክ «ጊታር አግኝቼልሻለሁ፣ ጠግኜ እልክልሻለሁ» ካልኩሽ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር «የት ደረሰ?» ስትዪኝ «እየደረሰ ነው» እያልኩ ስሸሽሽ ከርሜአለሁ። የባንዳችሁ መሪ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ እንደሆነ፣ እስከዛሬ ያዋሰሽንም ጊታር ይዞት እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ እጅሽን እንደምትቀሪ አልጠፋኝም። የኔን ጊታር ዐይንሽ እስኪቀላ እየጠበቅሽ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ነገሩን በስልክ ልንገርሽ ብል ግማሹን ሳልጨርስ ትጮሂብኛለሽ፤ ወዲያው ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል፤ የሚያቋርጠው የስልክ መሥሪያ ቤቱ ይሁን አንቺ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍልሽ። የመጨረሻውን ገጽ ቀድመሽ እንዳታነቢ፤ አውቅሻለሁ።

የምሠራበት መደብር ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን ገዝቶ፣ አሳድሶ የሚሸጥ ነው። አልከፈት ያለ መሳቢያ፣ እግሩ የላላ አልጋ፣ ቫርኒሹ የተላጠ ጠረጴዛ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እፍቃለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እቀባለሁ። አንድ ቀን የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣልን። አንዲት ሴት ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ስለገቡ የተሸጠ ነው ተባለ። ትልቁን ቁም ሣጥን ስከፍተው ከታች በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልሎ የተኛ ነገር አየሁ። ብፈታው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ያኔ ብታዪው ኖሮ ፊትሽን ታዞሪ ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቀለም፣ ያውም የበር ቀለም፣ ተለቅልቆበታል። ያሉት ክሮች ዝገዋል፣ የሌሎቹ ወሬም የለ። አንደኛው ማዞሪያ ጠፍቶ በቦታው የጠርሙስ ክዳን ተለጥፎበታል። ባለመደብሩ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የፋብሪካ ስም ነው፤ ጊታሩን ገለባብጦ ምንም ጽሑፍ ሲያጣበት ፍቅሩ እዚያው አለቀ። «ስም የሌለውን ዕቃ ማን ብሎ ይገዛኛል? ቦታ ከሚያጣብብብኝ ውሰደው» አለኝ። እኔ ግን ገና ከመጋረጃው ስፈታው አንቺን አስቤ ነበር። የዚያኑ ቀን ነው የደወልኩልሽ። ምነው ትንሽ በቆየሁ።

ከመደብሩ ቀጥሎ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ወሬውም ሥራውም የማያልቅበት ሰው ነው። ካቻቢቴውን ይዞ የጊታሩን ሆድ ሲከፍተው ግን ወሬውን አቆመ። ድምፅ የሚቀበሉትን ማግኔቶች አወጣና በመብራት እያገላበጠ አያቸው። ሽቦው በማሽን የተጠመጠመ አይደለም አለኝ፤ የማሽን ቢሆን እንደ ሱቅ ክር እኩል ይሆን ነበር፣ ይሄ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጣቱ የጠመጠመው ነው። ከዚያ ጀምሮ ጊታሩ የማን ሥራ እንደሆነ የማወቅ አባዜ ያዘኝ።

ቀለሙን በቀስታ ስፍቀው ከሥሩ የማር መልክ ያለው ቫርኒሽ ብቅ አለ። በመርጫ የተረጨ ዓይነት አይደለም፤ በጨርቅ ታሽቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ታሽቶ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ቫርኒሽ የሚቀባው እንደኔ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ያደገ ሰው እንደሆነ ጠረጠርኩ። እየፋቅኩ ስሄድ እንጨቱ ውስጥ ያሉት መስመሮች እየታዩኝ መጡና ምሳዬን ረስቼ ዋልኩ። ይህንን ለአባዬ አትንገሪው፤ በሱ ስፈርድ ሰንብቻለሁና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጠማማ ነገር ሳይ እጄ አላርፍ እንደሚል ታውቂያለሽ። ሰው ቤት ተጋብዤ የተንጋደደ ፎቶ ካየሁ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ አቃናለሁ፤ በዚህ የተነሣ ሁለተኛ ያልጋበዙኝም አሉ። የጊታሩን አንገት ከጀርባው በኩል በመዳፌ ስዳብሰው ጎባጣ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል ቀጭን ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠርዝ አለው። «ምስኪን፣ እዚህ ላይ ደክሞት ነው» ብዬ ለሠሪው አዘንኩለትና መፋቂያዬን አነሣሁ። የጠረጴዛ እግር እንደማስተካክል ከላይ ጀምሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ትንሽ እንደሄድኩ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ጠርዝ አንድም ቦታ አይሰፋም፣ አንድም ቦታ አይጠብም። የተሳሳተ ሰው እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ብዙ ይስታል እንጂ እንዲህ ከላይ እስከ ታች አስተካክሎ አይስትም። መፋቂያውን አስቀመጥኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ለካ ጠማማ ያልኩት ነገር ታስቦበት የተሠራ ኖሯል።

ሠሪውን ያገኘሁት በችንካር ነው። አንገቱ ከገላው ጋር የተያያዘው በብሎን ሳይሆን በእንጨት ችንካር ነበር፤ ችንካሩም እንደ ማንም ችንካር ክብ ሳይሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ይህንን የት ነው ያየሁት እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። አንድ ጠዋት ባለመደብሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ ብልጭ አለልኝ። የሚቀመጥበትን ወንበር ከዚህ በፊት እግሩ ሲላላ ያጠበቅኩለት እኔው ነኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅ አስነሥቼ ገለበጥኩት። «ዛሬስ ለየለት!» ሲል ሰማሁት። ወንበሩም ጊታሩም አንድ ዓይነት ችንካር ነው ያላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳሳየው ቁጣው በረደና ወንበሩን የሠሩለት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያሉ ሽማግሌ አናጢ መሆናቸውን ነገረኝ።

ሽማግሌውን ሰፈሩ «አባ ዝም» ይላቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሺ ወዲያው ይገባሻል። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጊታሩን ከጨርቁ ስፈታው መልኩን እንኳ አላዩም። አንገቱን ብቻ በግራ እጃቸው ጨበጡና ዐይናቸውን ጨፈኑ። «አውራ ጣቷ አይታጠፍም» አሉ። የማን ብላቸው፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ አሉኝ። ሴትዮዋ በልጅነታቸው አውራ ጣታቸው ተሰብሮ ሲድን ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ጊታር ግን ነፍሳቸው ነው። የማንንም ጊታር ቢይዙ አውራ ጣታቸው መደገፊያ እያጣ ይንሸራተትባቸው ነበር። ስለዚህ ከወንበርና ከጠረጴዛ በቀር ሌላ ሠርተው የማያውቁት አባ ዝም፣ ያ አውራ ጣት ሳይታጠፍ ተደግፎ የሚያርፍበት አንገት ያለው ጊታር ሠሩላቸው። ሴትዮዋም ቀን ሲሰፉ ውለው፣ ሥራ ሲያበቃ ከሙዚቀኞች ጋር ሆነው በሰፈሩ አዳራሽ ይጫወቱበት ነበር።

ይህን እያወሩኝ ጣታቸው የፋቅኩት ቦታ ላይ ደረሰና ዐይናቸው ተከፈተ። «ማነው ይሄን የነካው?» አሉ። ከኔ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። አባ ዝም የዓመቱን ንግግራቸውን ያን ቀን በኔ ላይ ጨረሱት። «እኔ ያጣመምኩትን አንተ ማን ሆነህ ነው የምታቃናው? ጠይቀሃል? ጠብቀሃል?» አሉኝ። እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሲበርድላቸው የተፋቀ እንጨት እንደማይመለስ፣ ነገር ግን በቅባት አሽቼ እንዳለሰልሰው ነግረውኝ ሸኙኝ።

ከዚያ በኋላ ጊታሩን ስጠግን ስለ ሴትዮዋ ላለማሰብ ሞከርኩ። የተሰነጠቀውን በኮላ አጣበቅኩ፣ ቫርኒሹን እንደ ሠሪው በጨርቅ አሸሁት፣ በጠርሙስ ክዳኑ ቦታ ከጥርብ እንጨት ማዞሪያ ሠራሁለት። ሬዲዮ ጠጋኙ የተበጠሱትን ሽቦዎች በየደልኝ፣ አዲስ ክርም ገጠምንለት። እሱ ሱቅ ካለው የድምፅ ማጉያ ላይ ሰክተን አንዷን ክር ብቻ ነካኋት። እኔ መጫወት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ግን ድምፁ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ፤ እኔም አንቺ ብትነኪውማ ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሳምንት ሣጥን ሠራሁለት፣ በክዳኑም ላይ «ለሚጡ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ እናንተ የሚመጣው ሹፌርም እወስድልሃለሁ ብሎኝ ነበር።

ሣጥኑን ግን መዝጋት አቃተኝ። ጊታሩን እኔ አልሰረቅኩም፣ ከነቁም ሣጥኑ የተሸጠ ነው፣ ባለመደብሩም ሰጥቶኛል፣ ስለዚህ የሚጡ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ጠበቃውም ዳኛውም እኔው ሆኜ ክሱን መርታት አልቻልኩም። በመጨረሻ ሴትዮዋን አንዴ ልጠይቃቸው ብዬ ከአባ ዝም የሚኖሩበትን አጣርቼ ጊታሩን ከነሣጥኑ ተሸክሜ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደረጃውን ስወጣ «ተወው ልጄ፣ እጄ ደክሟል» እንዲሉኝ እየተመኘሁ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ የልጃቸው ባል ነው። ሣጥኑን ከፍቼ ጊታሩን ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። ቁም ሣጥኑን ውስጡን ሳያይ የሸጠው እሱ ነው። ጥቁሩን የበር ቀለም የቀባውም እሱ ነው፤ «አዲስ መስሎ ደስ እንዲላቸው ብዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልቆጣው ፈለግኩ፤ ግን ሰው ሳይጠይቀው የሰው ዕቃ የሚያሳምር እሱ ብቻ አይደለምና ተውኩት። ሴትዮዋ በመስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናቸው ጋ ተቀምጠዋል። በከንፈራቸው መርፌዎች ነክሰው ስለያዙ መናገር አልቻሉም። ጊታሩን ሲያዩት መኪናው ቆመ። መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰኩ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ጊታሩን ተቀበሉኝ። ጊታሩ እንደጠፋ ያውቁ ኖሯል። የልጄ ትዳር በእንጨት ምክንያት እንዳይታወክ ብዬ ዝም አልኩ ብለው ኋላ ነገሩኝ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ሹክሹክታ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ያ የማይታጠፍ አውራ ጣት ሳይፈልግ፣ ሳይዳብስ ቦታውን አገኘ። መጫወት ጀመሩና ተሳሳቱ። «ይቅርታ» አሉ፤ እኛን ይሁን ጊታሩን አላወቅኩም። እንደገና ጀመሩ፤ አሁን አልተሳሳቱም። ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየኋት። መሐል ላይ ቆም አሉና አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሸራትተው «እዚህ ጋ ጎድሏል» አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «ጎበዝ፣ ቶሎ አቁመሃል» አሉኝና ሳቁ።

ከዚያ ለማን ብዬ እንደጠገንኩት ጠየቁኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ስላንቺ ነገርኳቸው። ስለ ባንዱም፣ ስለ ተዋስሽው ጊታርም፣ ስለ ገባሁልሽ ቃልም ነገርኳቸው። ወዲያው ጊታሩን ወደ እኔ ዘረጉት። «ለእህትህ ላክላት ልጄ፤ እኔ እጄ ደክሟል» አሉኝ። ደረጃው ላይ ስመኘው የነበረው ቃል ምንም ሳይጎድል ተባለልኝ። ግን ሚጡ፣ ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸው ከቦታው አልተነሣም። አፋቸው ሰጠኝ፣ እጃቸው አልለቀቀም።

አንቺ በየትኛውም ጊታር ትጫወቻለሽ። በተዋስሽውም፣ ክሩ በጎደለውም ስትጫወቺ ሰምቼሻለሁ። እሳቸው ግን በዚህ ዓለም ላይ የሚይዙት ጊታር ያ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጊታሩ የእርስዎ ነው፤ እህቴ ራሷ መልስላቸው ብላ ነው የላከችኝ» አልኳቸው። ሳልጠይቅሽ ባንቺ አፍ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ያመሰገኑት አንቺን ነው፤ የመረቁትም አንቺን ነው። ይኸው አሁን ሰማሽ። ብትቆጪ እውነት አለሽ፤ ብታለቅሺም አልፈርድብሽም። እኔም ባዶውን ሣጥን ተሸክሜ ስመለስ መንገዱ ረዝሞብኝ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ያለውን ስምሽን ላለማየት ገልብጬ ነው የያዝኩት።

በማግስቱ አባ ዝም ራሳቸው መደብሩ ድረስ መጡ። ሴትዮዋ ሁሉን ነግረዋቸዋል። አጠገቤ ቆመው የምሠራውን ብዙ አዩና «የእህትህን እጅ አምጣልኝ» አሉ። እኔ ክው አልኩ። ባለመደብሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጣ። ኋላ ሲያስረዱኝ ለሴትዮዋ ጊታሩን የሠሩት የእጃቸውን ቅርጽ በሳሙና ላይ ወስደው ነው። አሁን ላንቺም ሊሠሩልሽ ነው ሚጡ። የሚከብደውን እንጨት እኔ እልጋለሁ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ሽቦውን ይጠመጥማል፣ አንገቱን ግን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካም፤ በተለይ እኔ እንዳልነካ ደጋግመው ነግረውኛል። ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራቸውም ዝግ ያለ ነው። እስከዚያ ያለ ጊታር ትቆያለሽ፤ ይህን አልደብቅሽም። ልብስ ሰፊዋ ግን የጊታርሽን ከረጢት ከወዲሁ መስፋት ጀምረዋል፤ ገና ግንዱ ሳይሰነጠቅ ልብሱ ሊያልቅለት ነው።

አሁን የምልሽን በደንብ አድርጊ። አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ውሰጂና ለስለስ እስኪል ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዪው። ከዚያ በግራ እጅሽ የጊታር አንገት እንደምትይዢው አድርገሽ ጨብጪው። አባ ዝም እንዳሉት አጥብቀሽ አይደለም፣ የምትወጂውን ዘፈን መሐሉ ላይ ስትደርሺ እንደምትይዢው ነው። ጣቶችሽን በቀስታ አንሺና ጥላ ያለበት ቦታ ይድረቅ። እማዬ ልብስ እንዳታጥብበት፣ መንትዮቹም እንዳያገኙት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። ሲደርቅ በጨርቅ ጠቅልለሽ ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስልሽ ሹፌር ስጪው፤ አደራ ብዬዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ደረጃውን ተዪው እንዳልኩም ንገሪያት። አባዬን ከነሥራ ልብሱ እቀፊልኝ። መንትዮቹን አንዱን ቀድመሽ ሰላም ካልሽ ጠብ ይነሣልና ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሳሚልኝ። አክስታችንን፣ ስለ ትዳሬ የጠየቀችኝ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሳይጠፋ አይቀርም በዪያት። የባንዱን መሪም እስከዛሬ ጊታሩን ስላልነፈገሽ ከልብ አመስግኚልኝ።

ሚጡ፣ ሳሙናው ሲደርሰኝ ለአባ ዝም ከመስጠቴ በፊት ጣቶችሽ ያረፉበት ቦታ ላይ ጣቶቼን አንዴ አሳርፋቸዋለሁ። እጅሽን ከያዝኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከመደብሩ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን